ቦሊቫር ሲዘምት አገሩን ማን ያስተዳድር ነበር? ስለ ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ ሳንታንዴር የተደረገ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ! ሥራ ውላችሁ፣ ድካማችሁን ሳትቆጥሩ እዚህ ስለ ተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ደቡብ አሜሪካ የነጻነት ዘመን እንደምናገር ስትሰሙ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ሲሞን ቦሊቫር ልትሰሙ እንደ መጣችሁ እገምታለሁ። ስለ እርሱ መናገሬም አይቀርም። የዛሬው ምሽት ዋና ሰው ግን ሌላ ነው። ቦሊቫር በፈረስ ላይ ሆኖ ከተራራ ወደ ተራራ ሲዘምት፣ በቦጎታ ከተማ ተቀምጦ ለዘመቻው ስንቅና ጥይት ይልክ የነበረው፣ ምልምል ይሰበስብ፣ ግብር ያስከፍል፣ ትምህርት ቤት ይከፍት የነበረው፣ በመጨረሻም ለራሱ ለቦሊቫር "ይህን ሕጉ አይፈቅድም" ብሎ የመለሰው ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ ሳንታንዴር ነው።

ኮሎምቢያ ሩቅ አገር ናት፤ ነገር ግን ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የእኛ የቃኘው ሻለቃና የኮሎምቢያ ሻለቃ በአንድ የአሜሪካ ክፍለ ጦር፣ በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ልጆቻቸው በአንድ ግንባር የዋሉ ሁለት ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ታሪክ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ የሕግ ተማሪው እንዴት ወታደር፣ ወታደሩም እንዴት አስተዳዳሪ እንደ ሆነ እነግራችኋለሁ። በሁለተኛው ክፍል፣ ረዥሙም እርሱ ነው፣ በምክትል ፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ስለ ሠራው ሥራና ከቦሊቫር ጋር ስለ ተጣላበት ጉዳይ እናገራለሁ። በሦስተኛው ደግሞ ከስደት ተመልሶ ፕሬዚዳንት ስለ ሆነበትና ሥልጣኑን ስላስረከበበት ጊዜ አወሳለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ሳንታንዴር ሚያዝያ 2 ቀን 1792 ዛሬ በኮሎምቢያና በቬኔዝዌላ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በቪያ ዴል ሮሳሪዮ ተወለደ። ቤተሰቡ የካካዋ እርሻ የነበረው፣ በአካባቢው የተከበረ ቤተሰብ ነበር። ወደ ቦጎታ ተልኮ በሳን ባርቶሎሜ ኮሌጅ ሕግ ሲማር ሐምሌ 20 ቀን 1810 ደረሰ፤ የከተማይቱ ሕዝብ በስፔን ሹማምንት ላይ ተነሣ። ወጣቱ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርቱን ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው ትቶ ወደ ጦሩ ገባ።

ቀጥሎ የመጣውን ጊዜ ኮሎምቢያውያን ራሳቸው "የሞኟ አገር ዘመን" ብለው ይጠሩታል። ለምን እንዲህ ያለ መራራ ስም ሰጡት? ምክንያቱም ስፔን ገና ሳትሸነፍ የነጻነት ሰዎች እርስ በርሳቸው ጦር ተማዘዙ። አንዱ ወገን በአንቶኒዮ ናሪኞ እየተመራ "ኃይል ሁሉ በቦጎታ ይሰብሰብ" ሲል፣ ሌላው ወገን በቱንሃ ከተማ በካሚሎ ቶሬስ እየተመራ "እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ራሱን ያስተዳድር" ይል ነበር። ሳንታንዴር ከሁለተኛው ወገን ተሰልፎ በጥር 1813 በቦጎታ በተደረገው ውጊያ ቆስሎ ተማረከ። ልብ በሉ፤ የማረኩት ስፔናውያን አልነበሩም፤ የማረኩት ወገኖቹ ነበሩ። በ20 ዓመቱ የቀመሰው ይህ ነገር ከውስጡ የወጣ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ በሰበሰበው ሥልጣን ሁሉ፣ በጻፈው ደብዳቤ ሁሉ "መጀመሪያ የሚገዛን ደንብ ይኑር" የሚል ሰው ሆነ።

ያ መከፋፈል ዋጋ አስከፈለ። በ1815 ፓብሎ ሞሪዮ የተባለ የስፔን ጄኔራል ከ10 ሺህ በላይ ወታደር ይዞ ባሕሩን ተሻገረ። የካርታሄናን ወደብ ከ100 ቀን በላይ ከብቦ በረሃብ አንበረከከ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦጎታ ገባ፤ ካሚሎ ቶሬስንም፣ የከዋክብትና የዕፀዋት ሊቅ የነበረውን ፍራንሲስኮ ሆሴ ዴ ካልዳስንም ገደለ። የአገሪቱ የተማረ ትውልድ በአንድ ዓመት ውስጥ ታጨደ ማለት ይቻላል። የተረፈው ሸሸ። ሳንታንዴርም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ካሳናሬ ሜዳ ወረደ፤ በዚያ ከብት ጠባቂዎችና ፈረሰኞች በሚኖሩበት ሞቃት ሜዳ፣ ወፍራም መጽሐፍ ያነበበ ወጣት ብዙም አይከበርም ነበር። ለጥቂት ጊዜ አዛዥ ቢሆንም ፈረሰኞቹ ሆሴ አንቶኒዮ ፓኤስን መረጡ፤ ፓኤስም ሥልጣኑን ተረከበ። የፓኤስን ስም አደራ ያዙልኝ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በ1818 ቦሊቫር ሳንታንዴርን ወደ ካሳናሬ መልሶ ላከው፤ ጦር እንዲያደራጅ። በዚህ ጊዜ ሰውየው የሚችለውን አሳየ። የተበተኑትን ሰበሰበ፣ አለቆቹን አስታረቀ፣ ስንቅና ፈረስ አዘጋጀ። በ1819 ክረምት የቦሊቫር ሠራዊት ጎርፍ የዋጠውን ሜዳ አቋርጦ በፒስባ ውርጫማ ተራራ ላይ ሲሻገር፣ ከፊት ይመራ የነበረው የሳንታንዴር ጦር ነበር። ከሜዳው የመጡት ወታደሮች ብርድ የማያውቁ፣ ብዙዎቹም እርቃናቸውን ሊባሉ የሚችሉ ነበሩ፤ በመንገድ ብዙ ሰውና ፈረስ ሁሉ ማለት ይቻላል አለቀ። ነሐሴ 7 ቀን 1819 በቦያካ ድልድይ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ከ1,600 ያላነሱ የጠላት ወታደሮች ተማረኩ፤ የንጉሡ እንደራሴ ሁዋን ሳማኖ ወሬውን ሲሰማ ከቦጎታ ሸሸ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንድ የታሪክ መምህር ነበሩን፤ የጦርነት ታሪክ ባስተማሩን ቁጥር ውጊያውን ጨርሰው መጽሐፉን ያጥፉና፣ "ጥሩ፤ አሁን ንገሩኝ፤ ለእነዚህ ወታደሮች እህሉን ማን አመጣ? ከድሉ በማግስቱስ ፍርድ ቤቱን ማን ከፈተ?" ብለው ይጠይቁን ነበር። መልስ የሚሰጥ አይገኝም ነበር፤ መጽሐፉ ስለዚያ ምንም አይልማ! የቦያካን ውጊያ ታሪክ ሳነብ ግን የመምህሬ ጥያቄ መልስ አገኘሁ። ከድሉ በኋላ በመስከረም ወር ቦሊቫር ሳንታንዴርን ነጻ በወጣው ምድር ላይ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው፤ ራሱም ወደ ዘመቻው ሄደ። እህሉን የሚያመጣው፣ ፍርድ ቤቱን የሚከፍተው ሰው የ27 ዓመቱ ሳንታንዴር ሆነ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ከመሻገሬ በፊት ግን መሸፋፈን የማይገባኝ ነገር አለ። ጥቅምት 11 ቀን 1819 ሳንታንዴር በቦያካ የተማረከውን አዛዥ ሆሴ ማሪያ ባሬይሮን ጨምሮ 38 የንጉሡ ወገን መኮንኖችን በቦጎታ ዋና አደባባይ አስረሸነ። ፍርድ አልተሰጠም። ቦሊቫር በበኩሉ ለእንደራሴው ስለ ምርኮኛ ልውውጥ ጽፎ ነበር። በአደባባዩ ቆሞ የተቃወመ አንድ የከተማው ነዋሪም አብሮ ተገደለ። ሳንታንዴር የጠባቂው ጦር ጥቂት ስለ ሆነ ምርኮኞቹ ሊያምፁ ይችላሉ የሚል ምክንያት አቀረበ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሞሪዮ ያፈሰሰውን ደምም አስታወሰ። ምክንያቱን ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ዛሬ "የሕግ ሰው" ብለን የምናነሳው ሰው በዚያ ቀን ሕግ አልነበረውም፤ ይህን ሳልናገር ስለ እርሱ ምስጋና ብናገር እናንተን ማታለል ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሂድ።

በታኅሣሥ 1819 በአንጎስቱራ የተሰበሰበው ምክር ቤት ቬኔዝዌላን፣ ኒው ግራናዳን (የዛሬዋን ኮሎምቢያ ማለት ነው) እና ኪቶን (የዛሬዋን ኢኳዶር) በአንድነት ያጠቃለለ የኮሎምቢያ ሪፐብሊክ አወጀ። በ1821 ደግሞ ሌላ ምክር ቤት በዚያችው ሳንታንዴር በተወለደባት በቪያ ዴል ሮሳሪዮ ተሰብስቦ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ ቦሊቫርን ፕሬዚዳንት፣ ሳንታንዴርን ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ቦሊቫር ግን በቢሮ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ስፔናውያን ገና ኪቶንና ፔሩን ይዘው ነበርና ወደ ደቡብ ዘመተ፤ ለአምስት ዓመት ያህልም ቦጎታ ተቀምጦ አላስተዳደረም። እነዚያን ዓመታት በሙሉ መንግሥቱን ይመራ የነበረው ሳንታንዴር ነው። ይህ ሰው በ29 ዓመቱ ከካሪቢያን ባሕር እስከ ፔሩ ድንበር የሚዘልቅ፣ መንገድ የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው፣ በጦርነት የደቀቀ አገር ተረከበ።

በታኅሣሥ 1821 ለሕዝቡ ባወጣው አዋጅ ላይ አንድ ቃል አለ፤ እስከ ዛሬ በቦጎታ የፍትሕ ቤተ መንግሥት ላይ ተጽፎ ይታያል። "ኮሎምቢያውያን ሆይ፤ የጦር መሣሪያ ነጻ አገር ሰጣችሁ፤ ሕግ ደግሞ አርነትን ይሰጣችኋል" ይላል። እንዲህ ያለ ቃል መናገር ቀላል ነው፤ ማንም ይናገረዋል። ጥያቄው ሰውየው ኖረበት ወይ የሚለው ነው።

ከትምህርት ልጀምር። ገና በ1820 ከተሞችና መንደሮች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ አዘዘ። በ1821 የወጣው ሕግ ከስምንት ያነሱ መነኮሳት የነበሩባቸውን ገዳማት ዘግቶ ሀብታቸውን ለትምህርት አዞረ። የዘመኑ እንግሊዛዊ ዘዴ ተወስዶ፣ የበሰለው ተማሪ ታናሹን እንዲያስተምር በማድረግ መምህር በሌለበት አገር ብዙ ልጆችን ማስተማር ተሞከረ። በ1824 ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተ። ይህን ሁሉ ለጌጥ አላደረገውም። ሕገ መንግሥቱ ከ1840 ጀምሮ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አይመርጥም ይል ነበር። አስቡት እንግዲህ! ያ ሕግ በአንድ በኩል ለድሃው የተዘጋ በር ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት በ19 ዓመት ውስጥ ሕዝቡን እንዲያስተምር የተቆረጠለት ቀነ ገደብ ነው። ሳንታንዴር የተመለከተው በሁለተኛው ዓይን ነበር።

በሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ሕግ የሚመዘነው ለብዙ ሰው በሚሰጠው ጥቅም ነው ይል የነበረው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጄረሚ ቤንታም መጻሕፍት እንዲነበቡ በ1825 ሲያዝ፣ ካህናቱ ከመቅደሱ ላይ ሆነው አወገዙ። ጉዳዩ ከባድ ጠብ አስነሣ፤ ቦሊቫር በ1828 ትእዛዙን ሻረው፣ ሳንታንዴር በ1835 መልሶ አጸናው። በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ሁለት ወገን እንዲህ መፋለሙ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገሩ ግን ስለ መጽሐፉ ብቻ አልነበረም፤ ሕግ ከየት ይመነጫል የሚለው ጥያቄ ነበር።

ባርነትን በተመለከተ የ1821 ሕግ ከዚያ ቀን በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ነጻ ነው ብሎ ደነገገ፤ ነገር ግን እስከ 18 ዓመቱ ለእናቱ ጌታ እንዲሠራ አስገደደው። እናትዮዋ ደግሞ ባሪያ ሆና ቀረች። በኒው ግራናዳ ባርነት ፈጽሞ የተወገደው በ1851 በወጣ ሕግ ነው፤ 30 ዓመት ቆይቶ! በነጻነት ስም ደማቸውን ያፈሰሱ ጥቁር ወታደሮች እናቶቻቸውን ሳያስፈቱ አልፈዋል። ይህ የሳንታንዴር ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ የባለርስቶች ሁሉ ጥፋት ነው፤ እርሱ ግን ከእነርሱ የተለየ ድምፅ አላሰማም።

የገንዘቡስ ነገር? በ1824 መንግሥቱ በለንደን ከጎልድሽሚት ባንክ ቤት 4,750,000 ፓውንድ ተበደረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ለጦርነቱና ለቀድሞ ዕዳ ዋለ። በ1826 ባንክ ቤቱ ሲከስር የቀረው ገንዘብ አብሮ ጠፋ፤ ኮሎምቢያም ወለዱን መክፈል አቃታት። የሳንታንዴር ጠላቶች ከብድሩ ተጠቅሟል ብለው ከሰሱት፤ አንድም ሰው ማስረጃ አላቀረበም። ስለ ንብረቱ ከተነሣ ግን፣ ከንጉሡ ወገን ሰው የተወረሰውን ሰፊ የአቶግራንዴን እርሻ ከቦሊቫር እጅ በስጦታ መቀበሉን መሰወር አይገባም።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። ወዳጆቼ፣ በዚህ ላይ በደንብ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

በ1824 ቦሊቫር የፔሩ ምክር ቤት የሰጠውን ልዩ ሥልጣን ተቀብሎ በፔሩ ይዋጋ ነበር። የኮሎምቢያ ሕግ ግን ፕሬዚዳንቱ በሌላ አገር መንግሥት ሥልጣን ይዞ የኮሎምቢያን ጦር ያዝዛልን? የሚለውን አልመለሰም ነበር። በሐምሌ 1824 የኮሎምቢያ ምክር ቤት ቀደም ብሎ ለቦሊቫር የሰጠውን ልዩ ሥልጣን የሚሽር ሕግ አወጣ። ሕጉ በጥቅምት ወር በፔሩ ተራሮች ላይ ደረሰው። ምን አደረገ? ታዘዘ። የጦሩን አዛዥነት ለአንቶኒዮ ሆሴ ዴ ሱክሬ አስረከበ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1824 በአያኩቾ የስፔንን ኃይል ለመጨረሻ ጊዜ የሰበረው ጦር አዛዥ ሱክሬ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ቦሊቫርን ከማከብርባቸው ቀኖች ትልቁ ያ ቀን ነው። ቅያሜው ግን በልቡ ቀረ፤ ከሕጉ ጀርባ የሳንታንዴርን እጅ አየ።

በዚያው ጊዜ ቦጎታ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ሊዮናርዶ ኢንፋንቴ የሚባል፣ ከቬኔዝዌላ ሜዳ የመጣ፣ በብዙ ጦርነት የቆሰለ ጥቁር ኮሎኔል አንድ መኮንን ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኞቹ በቅጣቱ አልተስማሙም፤ በመጨረሻ ሞት ተፈረደበት። የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ሚጌል ፔኛ፣ እርሱም ቬኔዝዌላዊ ነው፣ በቂ ድምፅ አልተገኘም ብሎ በፍርዱ ላይ መፈረም እምቢ አለ። በመጋቢት 1825 ኢንፋንቴ በአደባባይ ተረሸነ፤ ሳንታንዴርም ወደ ስፍራው መጥቶ፣ ሬሳው ገና ሳይነሣ፣ ለቆሙት ወታደሮች ስለ ሕግ የበላይነት ንግግር አደረገ። ፔኛን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከሥራው አገደው፤ እርሱም ተቆጥቶ ወደ ቬኔዝዌላ ሄዶ የፓኤስ አማካሪ ሆነ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይከፈላል። ወታደር በሕግ መጠየቁ ትክክል ነው። ነገር ግን ፍርዱ አከራካሪ በሆነበት ሰው ሬሳ አጠገብ ቆሞ ስለ ሕግ መስበክ ሕግን አያስከብርም፤ ያስፈራል እንጂ። ቬኔዝዌላውያንም ነገሩን የተረጎሙት "ቦጎታዎች የእኛን ጀግና ገደሉ" ብለው ነበር።

ፓኤስ ተመልሶ ይመጣል ብያችሁ ነበር፤ ይኸው መጣ። በጥር 1826 በካራካስ ሰዎችን ከመንገድ በኃይል እያፈሰ ወደ ጦር አስገባ የሚል ክስ ቀረበበት። የቦጎታ ምክር ቤት ከሥራው አግዶ መልስ እንዲሰጥ ጠራው። በሚያዝያ መጨረሻ የቫሌንሲያ ከተማ ሰዎች በሕጉ ፈንታ ፓኤስን መረጡ፤ እርሱም ሥልጣኑን መልሶ ያዘና አልሄድም አለ። በግልጽ ቋንቋ አመፀ ማለት ነው። ሳንታንዴር ሕጉ ይፈጸም አለ። ቦሊቫር ከፔሩ ተመልሶ ወደ ቬኔዝዌላ ወረደና በጥር 1 ቀን 1827 ፓኤስን ምሕረት አደረገለት፤ ምሕረት ብቻ አይደለም፣ በቬኔዝዌላ ላይ የበላይ አዛዥ አድርጎ አጸናው።

ቦሊቫር ምክንያት አልነበረውምን? ነበረው። የወንድማማች ጦርነት ፈርቷል፤ ለዓመታት ያፈሰሰው ደም ይበቃል ብሏል። ይህን የማይረዳ ልብ የለኝም። ሆኖም የራሴን አንድ ትዝታ ልንገራችሁና ፍረዱ። ወጣት ሳለሁ በአንዲት የገጠር ከተማ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ ሀብቱና ዘመዱ የበዛ ሰው የመሬት ክስ ቀረበበትና መጥሪያ ተላከለት፤ አልመጣም። ሁለተኛ ተላከ፤ አልመጣም። ፖሊስ እንዲያመጣው በታዘዘ ጊዜ የአገር ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ዳኛው ዘንድ ቀረቡ፤ "ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፤ ነገሩን በእርቅ እንጨርሰው፤ መጥሪያው ይቅር" ብለው ለመኑ። ዳኛው ከወንበራቸው ተነሥተው በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ መልሳቸው ግን ይህ ነበር፦ "አባቶቼ፣ እርቅ ጥሩ ነው። ከቀረበ በኋላ አብሬያችሁ እለምናለሁ። ሳይቀርብ ምሕረት ብናደርግለት ግን ነገ መጥሪያ የሚደርሰው ድሃ፣ መጥሪያ የተጻፈው ለእርሱ ብቻ መሆኑን ያውቃል።" ሰውየው ቀረበ። ከቀረበ በኋላም ታረቁ።

የሳንታንዴር ክርክር ይህ ነበር። ፓኤስን ግደሉ አላለም። ይቅረብ አለ። ሕግን ጠብቆ በቦታው የቀረው ባለሥልጣን ሲወቀስ፣ ጠመንጃ ያነሣው ሲሾም፣ ሌላው ጄኔራል ምን ይማራል? አስቡት፤ ምን ይማራል? በዚህ ላይ ቦሊቫር ለቦሊቪያ የጻፈው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ዕድሜ ልኩን እንዲገዛና ተተኪውን ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ነበር፤ ያንኑ ለኮሎምቢያም ይመኝ ነበር። በመጋቢት 1827 ቦሊቫር ሳንታንዴር ከእንግዲህ ደብዳቤ እንዳይጽፍለት አስታወቀ። የእነዚያ ሁሉ ዓመታት ወዳጅነት በዚያ አበቃ።

ሳንታንዴርም በዚህ ጊዜ ንጹሕ አልነበረም። በጥር 1827 በሊማ የሰፈረው የኮሎምቢያ ጦር በቦሊቫር አዛዦች ላይ ሲያምፅ፣ የቦጎታ ደወሎች በደስታ ተደወሉ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ከሚጨፍሩት ጋር መንገድ ላይ ወጣ። የፓኤስን አመፅ የኮነነ ሰው ለሌላ አመፅ መደሰት ነበረበትን? አልነበረበትም! ሕግ የሚፈተነው አመፁ ለእኛ ሲመቸን ነው።

በ1828 ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል በኦካኛ ከተማ ጉባኤ ተጠራ። የሳንታንዴር ወገን በቁጥር በለጠ፤ የቦሊቫር ወገን ግን በሰኔ ወር ስብሰባውን ጥሎ ወጣና ጉባኤው ፈረሰ። በነሐሴ ቦሊቫር የመንግሥቱን ሥልጣን በሙሉ በእጁ አደረገ፤ ምክትል ፕሬዚዳንትነቱንም ሰረዘ። መስከረም 25 ቀን 1828 ሌሊት ሴረኞች ቤተ መንግሥቱን ሰብረው ገቡ፤ ቦሊቫር በፍቅረኛው በማኑኤላ ሳኤንስ ብልሃትና ድፍረት በመስኮት ዘሎ አመለጠ።

ሳንታንዴር በሴራው ነበረበትን? ሴራ እንደሚጠነሰስ ያውቅ ነበር፤ ጊዜው አይደለም ብሎ መክሯል፤ ለመንግሥት ግን አላስታወቀም። የቦሊቫር ታማኝ ጄኔራል ራፋኤል ኡርዳኔታ የመራው የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባቀረበው ሐሳብ ቅጣቱ ወደ ስደት ተለወጠ። 14 ሰዎች ግን ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ ኮሎምቢያን በባሕር ነጻ ያወጣው አድሚራል ሆሴ ፕሩደንሲዮ ፓዲያ ነው፤ የጥቁር ዘር ያለበት የድሃ ልጅ፣ በዚያች ሌሊት እስር ቤት የነበረ ሰው። የባለርስቱ ልጅ ተረፈ፤ ፓዲያ ሞተ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ቦሊቫር ራሱ ቆይቶ በዚህ ጉዳይ ተጸጽቷል።

ሦስተኛውን ነጥብ አሳጥረዋለሁ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

ሳንታንዴር በካርታሄና ምሽግ ታስሮ ከቆየ በኋላ በ1829 ወደ አውሮፓ ተሰደደ፤ ከሀምቡርግ ጀምሮ በርካታ አገሮችን ዞረ፣ የሚያየውን ሁሉ በማስታወሻ ጻፈ። እርሱ በስደት ሳለ ያቺ ትልቅ ኮሎምቢያ ፈረሰች፤ ቬኔዝዌላ በፓኤስ እየተመራች ወጣች፣ ኢኳዶርም ወጣች። በሰኔ 1830 ሱክሬ በበሩዌኮስ ጫካ ተገደለ፤ በታኅሣሥ ቦሊቫር በሳንታ ማርታ አረፈ። የኒው ግራናዳ ጉባኤ በ1832 ሳንታንዴርን በሌለበት ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሥራውን ጀመረ።

ፕሬዚዳንትነቱ እንደ ወጣትነቱ ዘመን ታላቅ ተስፋ የሞላበት አልነበረም፤ ጠንቃቃና ቆጣቢ ነበር። ትምህርት ቤቶች በዙ። የለንደኑ ዕዳ ለሦስቱ አገሮች ሲከፋፈል ኒው ግራናዳ ግማሹን፣ ቬኔዝዌላ 28.5 በመቶውን፣ ኢኳዶር 21.5 በመቶውን ያዙ። በ1835 የሮማው ፓፓ ለአገሪቱ ዕውቅና ሰጠ። በ1833 ግን ጄኔራል ሆሴ ሳርዳ በጠነሰሰው ሴራ የተያዙ ከ12 በላይ ሰዎች በአደባባይ ተረሸኑ። በዚህ ጊዜ ፍርድ ተሰጥቶ ነበር፤ ከ1819 የሚለየውም ይህ ነው። ምሕረት ግን አሁንም አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ከአምስት ዓመት በፊት በምሕረት ከሞት የተረፈ ሰው ነበር። ብዙዎች ይህን ይቅር አላሉትም፤ የሚወቅሱትን እኔም አልወቅስም።

በ1837 ምርጫ ሲደርስ ሳንታንዴር ጄኔራል ሆሴ ማሪያ ኦባንዶ እንዲተካው ፈለገ፤ በግልጽም ደገፈው። ኦባንዶ ግን ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ሆሴ ኢግናሲዮ ዴ ማርኬስ ነበር፤ በዚያ ወቅት ከሳንታንዴር ጋር ፈጽሞ የማይስማማ የሲቪል ሰው። ፕሬዚዳንቱ ጄኔራል ነው፤ ጦሩ በእጁ ነው፤ በዙሪያው ባሉት አገሮች ሥልጣን በጠመንጃ ይለዋወጣል። ምርጫው ተሳስቷል ማለት ይችል ነበር፤ ምክንያት መፈለግ ይችል ነበር፤ ጓደኞቹም ይከተሉት ነበር። እርሱ ግን ሚያዝያ 1 ቀን 1837 ሥልጣኑን ለማርኬስ አስረከበ።

ከዚያስ ወዴት ሄደ? ወደ እርሻው ገብቶ አልተቀመጠም፤ ወደ ጦር ሰፈርም አልሄደም። ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠና የቀድሞው ፕሬዚዳንት፣ የቦያካው ጄኔራል፣ እንደ ማንኛውም ተወካይ እጁን እያነሣ መናገር ጀመረ፤ የማርኬስን መንግሥት በየስብሰባው ተቸ፣ ተሟገተ፣ ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈ፣ በማግስቱ ተመልሶ ተሟገተ። ግንቦት 6 ቀን 1840 በቦጎታ ሲሞት ዕድሜው 48 ነበር፤ እስከ መጨረሻው የምክር ቤቱ አባል ነበር።

ክቡራን ወገኖቼ፣ በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በጥያቄያችሁ ላይ በተለይ ሁለት ነገር እንድታነሡ እለምናለሁ፤ አንደኛው በ1827 ፓኤስን በተመለከተ ቦሊቫር ልክ ነበር ወይስ ሳንታንዴር፤ ሁለተኛው ደግሞ በ1828 ሴራውን አውቆ ዝም ያለው ሳንታንዴር በሕግ ሚዛን ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። የእኔን ፍርድ በመጀመሪያው ላይ ሰምታችኋል፤ በሁለተኛው ላይ ጥፋተኛ ነው እላለሁ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ይምጣና ይሞግተኝ። መድረኩ የእናንተ ነው።